ዲጂታል የክፍያና የንግድ አገልግሎት ሲገባ ሰውን ማስቀደም፦ ለሐሙሲትና ለደቡብ ጎንደር ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ወረታ ከመድረሱ በፊት የሚያቋርጣት ሐሙሲት፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን የአካባቢው ገበሬ ሽንኩርቱን፣ ሩዙን፣ ጤፉንና ከብቱን ይዞ ይወጣል፤ የወራት ድካም ውጤት በአንድ ጥዋት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዚህ ገንዘብ ከፊሉ በስልክ መተላለፍ ጀምሯል። ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የሚልከው ገንዘብ፣ የመብራት ክፍያ፣ የነዳጅ ግዥና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ጭምር ወደ ዲጂታል አሠራር እየገቡ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ሁለት ዓይነት አንባቢዎችን በማሰብ ነው። የመጀመሪያው ጉዳዩን ለመፈጸም አገልግሎቱን የሚፈልገው ዜጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው አዲስ የክፍያ ወይም የመዝገብ ሥርዓት ለማስገባት የሚያስብ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ነጋዴ፣ የእድር ኮሚቴ ወይም የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሽንኩርት አምራች እናት ጭነቷን ለነጋዴ ትሸጣለች። ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ፋንታ «በስልክ እልክልሻለሁ» ይላታል። ስልኩ የታላቅ ልጇ ነው። ሲም ካርዱ የተመዘገበው በባለቤቷ ስም ነው። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ ሒሳቡን የከፈተላት ባለሱቅ ነው። መልእክቱ ሲገባ ልጇ ያነብላታል፤ ባለሱቁ ገንዘቡን ያወጣላታል። በሥርዓቱ መዝገብ ላይ ግብይቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። እርሷ ግን ስንት እንደተላከ፣ ስንት እንደተቆረጠና ስንት እንደቀረ የምታውቀው ሌሎች በነገሯት ልክ ነው። ሦስቱም ሰዎች ቅን ከሆኑ ችግር ላይኖር ይችላል። አንዱ ካልሆነ ግን አቤት የምትልበት ማስረጃ በእጇ የለም፤ በመዝገቡ ላይ ስሟ እንኳን አልተጻፈምና።

በመሆኑም አንድ ዲጂታል አሠራር ሰውን አስቀድሟል የሚባለው ተራ ስልክ የያዘ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ጉዳዩን በራሱ ስም፣ የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም ሳይሰጥ መጨረስ ሲችል ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ሁሉ በዚህ መመዘኛ ላይ የተመሠረተ ነው።

የሕግ ማዕቀፉ በአጭሩ

የአገሪቱ የዲጂታል ጉዞ መሪ ሰነድ ሆኖ የቆየው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ፈቃድ አግኝተው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ መንገድ ተከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አስጀመረ፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሥራ ጀመረ። የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲፈጸም የተወሰነውም በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሆኗል።

ለተገልጋዩ በቀጥታ የሚጠቅሙት ሕጎች ሦስት ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል፤ በስልክዎ የገባ የክፍያ መልእክት ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የፋይዳ መታወቂያን የሚመለከት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ እርስዎ የተሰበሰበው መረጃ ለምን ዓላማ እንደሆነ የማወቅ፣ መረጃውን የማየትና ስሕተት ካለበት የማስተካከል መብት ይሰጣል። የዚህ አዋጅ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከቀደሙ አሠራሮች የተገኘ ልምድ

በአገራችን ሰውን አስቀድመው ከተነሡ የቴክኖሎጂ አገልግሎቶች መካከል በቅድሚያ ሊጠቀስ የሚገባው 8028 የተባለው የአርሶ አደሮች ነጻ የስልክ መስመር ነው። መስመሩ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረው ተቋም፣ በግብርና ሚኒስቴርና በኢትዮ ቴሌኮም ትብብር ነው። አርሶ አደሩ ስማርት ስልክ እንዲገዛ ወይም መተግበሪያ እንዲያወርድ አልተጠየቀም። ባለው ስልክ ይደውላል፤ በራሱ ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣል፤ በቁጥሮቹ ላይ እየተጫነ ስለ እህሉ የሚፈልገውን ምክር ይመርጣል። ጥሪው ከክፍያ ነጻ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ማዳመጥ እንደሚችል፣ ብር የሌለውም ሰው መደወል እንዲችል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ብዙ ወጪ የወጣባቸው መተግበሪያዎች ያልደረሱበት ደርሷል። አገልግሎት የሚነድፉ ባለሙያዎች ይህን የአገር ልጅ ምሳሌ ትተው ሁልጊዜ ከውጭ አብነት መፈለጋቸው የሚያስገርም ነው።

ቢሆንም ከጎረቤት ኬንያ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ኤምፔሳ በመጀመሪያ የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበር። በሙከራው ወቅት ግን ሰዎች ገንዘብ ለዘመድ ለመላክ፣ መንገድ ላይ እንዳይዘረፉም በስልካቸው ለማስቀመጥ ሲጠቀሙበት ታየ። ባለቤቶቹ ሕዝቡ ያሳያቸውን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምሩ ዋና ሥራውን ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ አደረጉት። ዛሬ የምናውቀው አገልግሎት የተወለደው ከዚያ ትዝብት ነው።

ከሕንድ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ የማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ አገር የመንግሥት የእህል ድጎማ በጣት አሻራ ማረጋገጫ እንዲታደል ሲደረግ በጉልበት ሥራ ጣታቸው የሻከረ ሠራተኞችና አረጋውያን አሻራቸውን መሣሪያው ሳያነብ እየቀረ የተቸገሩበት ሁኔታ ነበር። ሞፈርና ቀንበር ይዞ ለኖረ የጉና ደጋ ገበሬ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የፋይዳ ምዝገባ ከአሥር ጣት አሻራ በተጨማሪ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል የሚወስድ በመሆኑ አንዱ ባይሠራ ሌላው ያግዛል። በእያንዳንዱ የአገልግሎት መስኮት ላይ ያለው መሣሪያ ግን አሻራ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ችግሩ በዚያው ይደገማል።

በአማራ ክልል የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አሁን ፀደይ ባንክ) ከቴሌብር በፊት ኤም ብር በተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ይሠራ ነበር። በአገሪቱ የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ከፊሉም ክፍያቸውን በዚሁ መንገድ ሲቀበሉ ቆይተዋል። የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ተጠቃሚው ለክፍያ የሚጓዘውን መንገድና የሚጠብቀውን ወረፋ መቀነሱ ነው። ዋና ፈተናው ደግሞ ከላይ በምሳሌ ያየነው ነው፤ በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ብቻ የሚነካ የሚስጥር ቁጥር ይረሳል፣ የተረሳም ቁጥር ለወኪሉ «ያዝልኝ» ተብሎ ይሰጣል።

አገሬው የቴክኖሎጂ ነገር ሲነሣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን ማንሣቱ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስወለዱበት ያ ሥፍራ ሥራው በጥቂት የውጭ ባለሙያዎች እጅ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ፍጻሜ በኋላ አልቀጠለም። የዘመኑን ሥርዓት የሚያስገቡ አካላትም አንድ ጥያቄ ራሳቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ መሣሪያውን የተከለው ባለሙያ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ሐሙሲት ላይ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?

አዲስ አሠራር የሚያስገባ አካል አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባ

ከሁሉ በፊት ግዥው ከመፈጸሙ አስቀድሞ ተገልጋዩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው «ዲጂታል ትፈልጋላችሁ ወይ?» ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ምንም አያስተምርም። ይልቁን ቤት ውስጥ ስልክ ያለው ማን ነው፣ በማን ስም ወጣ፣ ባትሪው የት ይሞላል፣ መልእክት ሲመጣ ማን ያነበዋል የሚሉት ጥያቄዎች እውነተኛውን ሁኔታ ያወጣሉ። ይህን ለመጠየቅ ልዩ መድረክ መጥራት አያሻም። እድር በሚሰበሰብበት፣ እቁብ በሚጣልበትና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጉባኤ በሚያደርግበት ቀን መገኘት ይበቃል። ሴቶች ከወንዶች ጋር በተቀመጡበት ስብሰባ ስለ ቤት ገንዘብ በነጻነት ላይናገሩ ስለሚችሉ ለብቻቸው ማነጋገር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የአጭር ቁጥር አገልግሎት ጉዳይ ይመጣል። ቴሌብር *127# በመደወል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ደግሞ *847# በመደወል ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ይሠራሉ። በመተግበሪያ ብቻ የሚሠራ አገልግሎት የሚያቀርብ አካል ከመነሻው ከፊሉን ሕዝብ ውጭ አስቀርቷል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ መቋረጡ የሚታወስ ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ አሠራር ኔትወርክ በሌለበት ቀን ጉዳዩን በምን እንደሚፈጽም አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ካርኒውና ባሕር መዝገቡ ከጠረጴዛው ላይ ፈጥነው እንዳይነሡ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። የጥሬ ገንዘብና የወረቀት አማራጭ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ ለሚለው አንድ ወጥ መልስ ባይኖርም፣ በሁለት ገበያ መካከል የሚያበቃ የሽግግር ጊዜ በቂ እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

ቀላል የሚመስሉ ግን በመስኮት ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሡ ነገሮችም አሉ። ብዙ የክፍያ መልእክቶች የሚጽፉት የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት የተፈጸመ ክፍያ በመልእክቱ ላይ 15 ሰዓት ተብሎ ይታያል፤ ተገልጋዩም «በዚያ ሰዓት አልከፈልኩም» ይላል። የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው በቀበሌ መታወቂያው፣ በባንክ ደብተሩና በንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልዩነቱ ይበዛል። አንዱ ጋር የመጠሪያ ስሙን፣ ሌላው ጋር የክርስትና ስሙን ያስመዘገበም አይጠፋም። መሣሪያው እነዚህን እንደ ሁለት ሰዎች ይቆጥራቸዋል። የአገልግሎት ሰጪው ሠራተኛ ይህ ሲያጋጥም ተገልጋዩን ከመመለስ ይልቅ ማረሚያው የት እንደሚፈጸም በግልጽ ሊነግረው ይገባል።

የወኪል ጉዳይ የተለየ ትኩረት ይሻል። በገበያ ቀን ሁሉም ገንዘብ ማውጣት ስለሚፈልግ የወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ሊያልቅ ይችላል። ገበሬው ማዳበሪያ ወይም ጨው ሳይገዛ «ነገ ተመለስ» ከተባለ ለእርሱ ነገ ማለት ሌላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ በስልክ ሊከፍል ከወሰነ በዚያ ቀን ጥሬ ገንዘብ የያዘ ወኪል መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

የወጪው ጉዳይም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ገንዘብ ለማውጣት የሚጠየቅ ክፍያ ካለ የሚወድቀው በተቀባዩ ላይ ነው። ሻጭና ገዥ በዋጋ ሲስማሙ የማውጫው ክፍያ የማን እንደሆነ ካልተነጋገሩ ሻጩ ካሰበው ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የገበያ ልማድ ይህን በጊዜው ማስተካከሉ አይቀርም፤ እስከዚያው ግን የሚጎዳው አዲሱን አሠራር የማያውቀው ወገን ነው።

ሥልጠናን በተመለከተ በአዳራሽ ከሚሰጥ የአንድ ቀን ገለጻ ይልቅ ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ አምስት ወይም አሥር ብር ልኮ የሚለማመድበት አሠራር ይመረጣል። የእድሩ ወርሃዊ መዋጮ ለዚህ የተመቸ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሰዉ እርስ በርስ ይተዋወቃል፣ ስሕተት ቢፈጠር ዳኛውና ጸሐፊው እዚያው አሉ።

የተገልጋዩ የራሱ ጥንቃቄ

ሲም ካርድዎ በራስዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ በሒሳቡ ላይ ክርክር ሲነሣ ባለመብት የሚባለው ያ ሰው ሊሆን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ በ994 በመደወል ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የአገልግሎት ማዕከል በመሄድ መጠየቅ ይችላሉ።

የሚስጥር ቁጥርዎን ለወኪልም፣ ለባንክ ሠራተኛም፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም አይንገሩ። እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ቁጥር አይጠይቅም። ቁጥሩን መጫን የሚቸግርዎ ከሆነ ቤተሰብዎ ባለበት ቀስ ብለው ይለማመዱ። የልደት ዓመትዎን ወይም የስልክዎን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የሚስጥር ቁጥር አያድርጉ። በዚህ ጉዳይ ላይ በአገራችን አንድ አስቸጋሪ ልማድ አለ፤ ሰውን አለማመን እንደ ነውር ይታያል። ባለሱቁ የአበልጅ ልጅ ከሆነ ቁጥሩን መደበቅ ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን መያዝ ለባለሱቁም መከራ ነው፤ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነውና። ቁጥርዎን ባለመስጠትዎ እርሱንም ከሐሜት ይጠብቁታል።

ገንዘብ ሲልኩ የሚልኩለት ሰው ስም በስልኩ ላይ ሲወጣ ሳያረጋግጡ አይጨርሱ። በስሕተት የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለሱ አስቸጋሪ ነው። ዕቃ ሸጠው «ልኬልሃለሁ» ሲባሉ ደግሞ የገዥውን ስልክ አይመልከቱ፤ በራስዎ ስልክ ቀሪ ሒሳብዎን ያረጋግጡ። የተጭበረበረ የመልእክት ምስል አሳይቶ ዕቃ ጭኖ መሄድ የተለመደ የማታለያ ዘዴ ነው።

በስልክ የሚሰጥ ብድር ሲወስዱ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ስንት እንደሆነና መመለሻው ቀን መቼ እንደሆነ ሳያውቁ አይቀበሉ። ገበሬ የሚከፍለው ምርት ሲሰበሰብ ነው፤ የስልክ ብድር ግን ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በወራት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ያለው ነው። ሁለቱ የማይገጥሙ ከሆነ ብድሩ ለእርስዎ የተዘጋጀ አይደለም።

ለፋይዳ ምዝገባ ክፍያ አይጠየቅም፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ። የፋይዳ ቁጥርዎን ለአገልግሎት ሲጠየቁ ለምን እንደተፈለገ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ችግር ሲያጋጥም

ገንዘብ ከጎደለ ወይም ሳይደርስ ከቀረ መልእክቱን ከስልክዎ አያጥፉት። በመልእክቱ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር ዋናው ማስረጃዎ ነው፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ስልክ በወረቀት ላይ ያስጽፉ። በመጀመሪያ የሚቀርቡት አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት ነው። ወኪሉ ብቻውን ሊያርመው ስለማይችል ከእርሱ ጋር በመከራከር ጊዜ አያጥፉ፤ ወደ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ይሂዱ ወይም ይደውሉ፣ አቤቱታዎ የተመዘገበበትን ቁጥርም ይቀበሉ። ድርጅቱ ተገቢ ምላሽ ካልሰጠ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል፤ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የፋይናንስ ተቋማት ቅሬታ ተቀብለው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ማጭበርበር ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያዎ ላለ ፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ፣ ለምሳሌ ስልክ ስለሌለዎት፣ አሻራዎ ስላልነበበ ወይም «ሲስተም የለም» በሚል ምክንያት አገልግሎት ከተከለከሉ፣ ቅሬታዎን በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ያቅርቡ። የተመለሱበትን ቀንና ያነጋገረዎትን ሠራተኛ የሥራ ክፍል ይያዙ። ምላሽ ካላገኙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት መብትዎ ነው፤ ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታው ከክፍያ ነጻ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይቀበላል። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ ባለቤትዎ፣ የቤተሰብዎ አባል ወይም ወኪልዎ ሊያቀርብልዎ ይችላል።